የማን ብሎክ መብራት አለ? አንጎላችን ውስጥ ምን የት እንዳለ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መብራት ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል፣ ወደ መስኮት ሄዶ "እነሱ ጋ አለ?" ማለት ነው። ማዶ ያለው ብሎክም ከጨለመ ነገሩ ከትራንስፎርመሩ ወይ ከዋናው መስመር ነው፣ በቃ ሻማ ፈልጎ ቁጭ። ማዶ በርቶ የኛ ብሎክ ብቻ ከጠፋ ችግሩ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ኮሪደሩ በርቶ የኔ ቤት ብቻ ከጨለመ ደሞ ወይ ካርዱ አልቋል ወይ ብሬከሩ ወርዷል። ለዚህ ኤሌክትሪሺያን መሆን አያስፈልግም፣ ምኑ እንደጠፋና ምኑ እንደቀረ አይቶ የት ጋ እንደተበላሸ መገመት የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ የሚችለው ነገር ነው።

ስለ አንጎል ልጽፍ ተነስቼ በመብራት የጀመርኩት የነርቭ ሐኪሞች ሥራም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ነው። እኛ "ጭንቅላቱን ነክቶታል" እንላለን፣ አለቀ፣ አንጎል ልክ እንደ ድንች ከዳር እስከ ዳር አንድ አይነት የሆነ ይመስል። እነሱ ግን የሚጠይቁት የትኛው ጋ ነው ብለው ነው።

ይሄን ያወቅኩት በጋሼ ነው። አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል የብሎካችን ጥበቃ ጋሼ (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ሙሉ ስማቸውን የሚያውቀው ኮሚቴው ብቻ ነው) ጠዋት በር ላይ ሻይ እየጠጡ ነበር። ወደ ሥራ ስወጣ ሰላም ልላቸው ጠጋ ስል ሻዩ በቀኝ የከንፈራቸው ጫፍ እየፈሰሰ ካፖርታቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳቸው ግን ምንም አላወቁም። ከዛ ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። "ጋሼ ምን ሆኑ?" ስላቸው አዩኝ፣ ሊመልሱልኝ እንደፈለጉ ዓይናቸው ያስታውቃል፣ አፋቸው ታገለ ታገለና የወጣው ቃል "እንዴ" ነው። አመምዎት ወይ? "እንዴ።" ሰው ልጥራ? "እንዴ፣ እንዴ።" ሌላ ቃል የለም።

ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ መጣች፣ አንዱ ጠበል ይሻላል አለ፣ ሌላው አስፕሪን ይዞ ከአራተኛ ፎቅ ወረደ፣ እኔም ደክሟቸው ይሆናል ትንሽ ጋደም ይበሉ ካሉት ውስጥ ነኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። እንዲህ እየተባባልን አንድ ሰዓት አለፈ። የዛች ሰዓት ዋጋ ስንት እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቃሊቲን መንገድ ጭንቅንቅ አልፈን አንድ ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ምንም መሣሪያ ሳይነካ ትንሽ ደቂቃ አዘዛቸው፣ ቅንድብዎን ወደ ላይ ይስቀሉልኝ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ፣ ሁለት እጅዎን ዘርግተው ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እግርዎን ያንሱ፣ ይቺ ምንድናት (እስክሪብቶ ናት)። ከዛ ወደኔ ዞሮ "ግራ አንጎላቸው ነው፣ ጎኑ ላይ፣ ለማንኛውም ሲቲ ስካን ይነሱ" አለኝ። የያዛቸው ቀኝ ነው እኮ ብዬ ላርመው ሞከርኩ፣ ፈገግ አለ። ከሰዓት በኋላ ሲቲው ሲመጣ፣ ግራ። ደም ስር ተዘግቶ።

እንዴት አወቀ የሚለውን ለመመለስ ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት አለብን።

አንጎል በዓይኔ ያየሁት በፋሲካ ነው፣ የበግ። እኛ ሰፈር ጭንቅላቱን ልጆቹ ይወስዱትና ከግቢ ውጪ እሳት አንድደው ጠብሰው ምናምን ይቀቅሉታል፣ አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ ሳይቀቀል በመጥረቢያ ሲፈልጠው ቆሜ አየሁ። አጥንቱ ተነስቶም አንጎሉ ወዲያው አይገኝም፣ መጀመሪያ እንደ ስስ ቆዳ ጠንከር ያለ ሽፋን አለ፣ ከሱ ስር የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ከዛ ደሞ አንጎሉ ላይ ልጥፍ ያለ ስስ ነገር፣ ሦስት ልብስ ማለት ነው። የኛም እንደዛው ነው። ማጅራት ገትር የምንለው በሽታ የነዚህ ሽፋኖች ኢንፌክሽን ነው፣ ሽፋኖቹ እስከ ጀርባ ስለሚወርዱ ሲያብጡ አንገት አልታጠፍም ይላል፣ ስሙም ከዛ የመጣ ነው፣ ማጅራትን የሚገትር። ከበሽታ ስሞቻችን ሁሉ እንደዚህ ምልክቱን ቁጭ ያደረገ ያለ አይመስለኝም።

ሽፋኖቹ መሃል ውሃ አለ። የኛ 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ፣ በቀን ሦስት አራቴ ይታደሳል። ጥቅሙን ለማወቅ ከጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው መሆን ይበቃል፣ ባልዲው ውሃው ውስጥ እያለ ቀላል ነው፣ ከውሃው ብቅ ሲል ነው እጅ የሚቆርጠው። አንጎልም ውጪ ቢመዘን 1.4 ኪሎ ገደማ የሚሆነው እዛ ውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ 50 ግራም አካባቢ ነው የሚከብደው፣ ያለዚያ በራሱ ክብደት ይጨፈለቅ ነበር፣ ምክንያቱም እጅግ ለስላሳ ነገር ነው። የበጉን ነካ ሳደርገው ገና ውሃው ያልጠነፈፈ አይብ ነው የመሰለኝ።

ወደ መብራታችን እንመለስ። 1.4 ኪሎ ማለት ከሰውነታችን 2 በመቶ አካባቢ ነው፣ የሚበላው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማ። ሃምሳ ቤት ያለው ብሎክ ውስጥ አንዱ ቤት ብቻውን የብሎኩን መብራት አንድ አምስተኛ ይጨርሳል ማለት ነው፣ ኮሚቴው ዝም አይለውም ነበር። ለዛውም ይሄ ቤት መጠባበቂያ የለውም፣ ጀነሬተር የለ፣ ሮቶ የለ። ጡንቻና ጉበት ትንሽ ስኳር ያከማቻሉ፣ አንጎል ግን በየሰከንዱ የሚመጣለትን ደም ነው የሚበላው፣ ደሙ ሙሉ በሙሉ ቢቆም በ10 ሰከንድ ገደማ ሰው ራሱን ይስታል፣ አራት አምስት ደቂቃ ካለፈ ሴሎቹ መሞት ይጀምራሉ። እንደ ጋሼ አንድ መስመር ብቻ ሲዘጋ ዙሪያውን ያሉት ትንሽ ትንሽ ስለሚያቃምሱት ሞቱ ይዘገያል፣ ግን አይቆምም፣ በ2006 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣ አንድ የታወቀ ስሌት ትልቅ ደም ስር በተዘጋበት ስትሮክ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል እንደሚሞት ገምቷል። እኛ ዳማከሴና ጠበል ስንከራከርባት የነበረችውን አንድ ሰዓት አባዙት፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ።

ጠቅላላው 86 ቢሊዮን ገደማ ነው ያለን፣ 100 ሚሊዮን ምን አላት ይባል ይሆናል። ነገሩ ከቁጥሩ ይልቅ ቦታው ላይ ነው።

ከታች እንጀምር። አንገታችን ላይ ህብለ ሰረሰር ወደ ላይ ወጥቶ አንጎል ውስጥ ሲገባ የሚወፍርበት አውራ ጣት የሚያህል ነገር አለ፣ የአንጎል ግንድ ነው የሚባለው። ትራንስፎርመሩ እሱ ነው በሉት። መተንፈስ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ መዋጥ፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ንቁ ሆኖ መቆየት እዛ ነው የሚሠራው፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ይሄ ከተጎዳ ሁሉም ብሎክ ይጨልማል። ከታክሲ ማቆሚያው ወደኛ የሚወስደውን ጨለማ መንገድ በማታ የሄደ ሰው ማጅራት መቺ የሚለው ስም ለምን ያን ያህል እንደሚያስፈራ ያውቃል፣ ሌቦቹ አናቶሚ ተምረው አይደለም፣ ግን ማጅራቱን የተመታ ሰው እንደማይጮህ ያውቃሉ።

ከግንዱ ኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ትንሹ አንጎል የሚባል አለ፣ ሴሬብለም። በክብደት ከጠቅላላው አስር በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ከ86 ቢሊዮኑ ሴል ወደ 69 ቢሊዮኑ እዛ ነው የታጨቀው፣ ይሄ እኔን እስካሁን ይገርመኛል። ሥራው እንቅስቃሴን ማስተካከል ነው፣ እጅ ብርጭቆው ጋ ሲደርስ ሳያልፍና ሳያንስ እንዲቆም፣ እግር መሬቱን አስቦ ሳይሆን ዝም ብሎ እንዲረግጥ። ጤነኛውን ሰው ትንሹ አንጎሉ ለጊዜው ደንዝዞ ማየት ለሚፈልግ ቅዳሜ ማታ አረቄ ቤት በር ላይ መቆም ነው፣ እግር ሰፋ ሰፋ ብሎ ይረገጣል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ይስታል። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ሽባ አልሆነም፣ ጉልበቱ አለ (ለመደባደብማ የሚያህለው የለም)፣ የጠፋው ልኩ ነው።

ከላይ ያለው ትልቁ አንጎል ነው፣ ሥዕል ላይ እንደ ለውዝ ተጨማዶ የምናየው። ከላይ የለበሰው ግራጫ ሽፋን ኮርቴክስ ይባላል፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተጨማደደውም ቦታ ለመቆጠብ ነው፣ ተተኩሶ ቢዘረጋ የትልቅ ጋዜጣ አንድ ገጽ ያህላል። ግራና ቀኝ ሁለት ነው፣ መሃሉን 200 ሚሊዮን ገደማ ገመድ ያያይዘዋል። አሁን ሐኪሙ ፈገግ ያለበት ነገር ጋ ደረስን፣ ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርዱት መስመሮች አብዛኞቹ ግንዱ ታችኛው ጫፍ ላይ ይጠላለፋሉ፣ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ስለዚህ ቀኝ እጅ ከሞተ ግራ አንጎል ነው የሚጠረጠረው።

እሺ ግራ ይሁን፣ ጎኑ ላይ መሆኑን በምን አወቀ? ትልቁ አንጎል ላይ ከጆሮ ወደ ጆሮ የጸጉር መያዣ እንደሚደረግበት አቅጣጫ የሚያልፍ ጥምዝ ቀበቶ አለ፣ እንቅስቃሴ የሚያዘው እሱ ነው፣ ቀበቶው ላይ ደሞ የሰውነት ክፍሎች በተራ ተደርድረዋል፣ እግር አናት ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ወደ መሃሉ ስንጥቅ ይገባል፣ ከሱ ወደ ጎን ስንወርድ ክንድ፣ ከዛ እጅ፣ ከዛ ፊትና ምላስ። ድርሻቸው ደሞ እኩል አይደለም፣ ጣቶችና ከንፈር ከጀርባ ሁሉ የሰፋ ቦታ ይዘዋል፣ እንጀራ ቆርሶ ወጥ አጥቅሶ ለመጉረስ ስንት ረቂቅ ሥራ እንደሚያስፈልግ ካሰባችሁት ተገቢ ነው። ይሄን የጎኑን ክፍል የሚያጠጣው አንድ ትልቅ ደም ስር ነው፣ እግሩ ጋ ያለውን ግን ሌላ ነው የሚያጠጣው። ጋሼ እጃቸውና ፊታቸው ሄዷል፣ እግራቸው ግን ደከመ እንጂ ይነሳል። የነሱ ብሎክ ጠፍቷል፣ ማዶ አለ።

ቅንድብ ይስቀሉ ያላቸውም ለዚሁ ነው። ግንባር ከሁለቱም አንጎል መስመር ተዘርግቶለታል፣ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይሠራል። ስለዚህ አፉ ተጣሞ ግንባሩ የሚሸበሸብለት ሰው ችግሩ አንጎል ውስጥ የመሆኑ ነገር ይበረታል፣ ግንባሩም ዓይኑም አብሮ እምቢ ካለ ግን ከጆሮ ኋላ የሚወጣው የፊት ነርቭ ራሱ ያበጠበት ሊሆን ይችላል፣ እኛ ብርድ መታው የምንለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በርግጥ ይሄን የምጽፈው ቤት ቁጭ ብላችሁ ግንባር እያያችሁ እንድትወስኑ አይደለም፣ በሁለቱም ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው፣ ለዛውም በሩጫ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ከጀመረበት 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፣ ስለዚህ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረው ማስታወስ ራሱ ሕክምና ነው። አስፕሪኑን ደሞ ተዉት፣ ስትሮክ ሁሉ መዘጋት አይደለም፣ አንዳንዱ መፍሰስ ነው፣ የሚፈስ ላይ አስፕሪን ማለት ቤንዚን ነው፣ ሁለቱን የሚለየው ሲቲ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ንግግሩስ? በ1861 ፓሪስ ውስጥ ብሮካ የሚባል ሐኪም አንድ ታማሚ ነበረው፣ ለዓመታት ከአፉ የሚወጣው ቃል "ታን" ብቻ ነበር፣ ምን ብትጠይቀው ታን፣ የሚባለውን ግን ብዙውን ይረዳል። ሰውዬው ሲሞት ብሮካ አንጎሉን ከፍቶ አየ፣ የተጎዳው ግራ ግንባር በኩል፣ ከፊትና ከምላስ ቦታ አጠገብ ነው። ኋላ በ1874 ቬርኒከ የሚባል ጀርመናዊ ተቃራኒውን ጻፈ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያለው ሲጎዳ ሰው እንደ ጉድ ያወራል፣ ዜማው የንግግር ዜማ ነው፣ ትርጉም ግን የለውም፣ የሚባለውንም አይረዳም። የጋሼ "እንዴ" የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ሲነገራቸው ይገባቸዋል፣ እስክሪብቶዋን ሐኪሙ ሲያሳያቸው ስሟን ማውጣት አቅቷቸው በግራ እጃቸው አየር ላይ የጻፉት ትዝ ይለኛል።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የኋለኛው የአንጎል ጫፍ፣ ኦክሲፒታል፣ የማየት ቦታ ነው፣ ዓይን ፊት ላይ ሆኖ እይታ ጀርባ ላይ መሆኑ ይገርማል፣ ወድቃችሁ የኋላ ጭንቅላታችሁ ሲመታ ብልጭ የሚለው እሱ ሲናወጥ ነው። ከሱ ከፍ ያለው ፓራይታል የመዳሰስና ነገሮች የት እንዳሉ የማወቅ ነው፣ የዚህ ቀኙ ክፍል ክፉኛ ሲጎዳ አንዳንድ ሰው የግራውን ዓለም በሙሉ ይረሳዋል፣ ዓይኑ እያየ፣ ከትሪው በቀኝ ያለውን በልቶ ግራው እንዳለ ይቀራል፣ ከዛ ወጥ አልጨመራችሁልኝም ብሎ ይቆጣል፣ ትሪውን ዞር ስታደርጉለት ደስ ብሎት ይቀጥላል።

ጆሮ ጋ ያለው ቴምፖራል ውስጥ ጠልቆ ሂፖካምፐስ የሚባል አለ፣ አዲስ ትዝታ የሚመዘግብ። በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ብለው ከሁለቱም ወገን አወጡለት፣ በሽታው ቀነሰለት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ግን እስከሞተበት 2008 ድረስ አዲስ ነገር ልቡ ውስጥ አልቆየም፣ ሐኪሙን በየቀኑ እንደ አዲስ ይተዋወቃል። የልጅነቱ ግን አለ። እጁ ደሞ ይማር ነበር፣ በመስታወት እያየ ሥዕል መከተል በየቀኑ እየተሻሻለለት ሄደ፣ ሞክሬው አላውቅም እያለ።

ግንባራችን ስር ያለው ፍሮንታል ማቀድ፣ ራስን መግዛት፣ ይሉኝታ ነው ብል ያስኬዳል። በ1848 አሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ድንጋይ በባሩድ ሲያፈርሱ ከሜትር የሚበልጥ ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም፣ ተራምዷል፣ አውርቷል፣ ዓይነ ስውር የሆነው በአንዱ ዓይን ነው። ግን ትዕግስተኛውና ሥርዓት ያለው ሰውዬ ተሳዳቢና ሐሳበ ቢስ ሆነ፣ ጓደኞቹ እሱ አይደለም አሉ። ኋላ ቺሌ ሄዶ የሠረገላ ሹፌር ሆኖ ስለሠራ የተሻለው ነገርም እንደነበር የሚናገሩ አሉ፣ እኔ ወደነሱ አደላለሁ።

አንድ ነገር ደሞ ስለ ክብሪት። እኛ ጋ ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት አለ፣ "ይሠራል፣ ተነሣ እኮ" ይባላል። የሚጥል በሽታ ሴሎቹ በአንድ ላይ ያለ ልክ ሲተኩሱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል፣ ክብሪቱ እስኪፈለግና እስኪጫር ድረስ ማለት ነው። በጎኑ አስተኝቶ ከጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር ማድረግ ነው፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አለመክተት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት። ከሞተር ወድቆ "ደህና ነኝ" ብሎ የተነሣውንም ልጅ እንደዛው፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ስስ ነው፣ ከስሩ ደም ስር አለ፣ ቢቀደድ ቀስ ብሎ ሊሞላ ይችላል፣ ለሰዓታት ሲያወራና ሲስቅ ቆይቶ ማታ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው እሱ ነው። ይተኛ አትበሉ፣ ይዛችሁት ሂዱ።

ጋሼ አሁን ጥበቃውን ለልጃቸው ሰጥተው ጠዋት ጠዋት ብሎኩ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ። ይራመዳሉ፣ ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ነው የሚውለው። ቃላት ትንሽ ትንሽ ተመልሰዋል፣ ውኃ፣ ና፣ የለም። ሚስታቸው ግን ተአምር ነው የሚሉት ሌላ ነገር አለ፣ ውኃ ለመጠየቅ የሚያምጡት ሰውዬ ጎህ ሲቀድ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሳይሳሳቱ ይደግማሉ። ሐኪሙ አልገረመውም፣ በሕይወት ዘመን ሺ ጊዜ የተደጋገመ ነገር፣ ጸሎት፣ ዘፈን፣ ስድብ፣ ቁጥር፣ ቃል በቃል ተመርጦ እንደሚሠራ ንግግር አይደለም፣ ሲጀመር በራሱ ይወርዳል፣ ቀኙ አንጎልም ያግዛል ነው ያለኝ። (ስድቡ ልክ ነው፣ ከበሽታው በኋላ መጀመሪያ ጥርት ብሎ የወጣላቸው ነገር ለአንድ ባጃጅ ሹፌር ነበር፣ አልጽፈውም።)

በቀደም አዲስ የገባች ጎረቤት ጋሼ ስንት ልጅ አለዎት አለቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ፣ አልመጣም። ዓይናቸውን ጨፈኑና ግራ እጃቸውን አውጥተው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" አሉና አቆሙ፣ ቀና ብለውም አዩዋት።